የአዴ ዘይነባ ቅጠል

ቀኑን ልሳሳት እችላለሁ፤ እንቅልፍ ካጣሁ ግን ሦስተኛ ሳምንቴ ነበር። ጅማ ውስጥ ልብስ እሰፋለሁ። የደንበኛ ሱሪ አሳጥሬ ስለቆረጥኩ አሠሪዬ «ሁለተኛ ከደገምከው ሌላ ሥራ ፈልግ» ብሎኛል። ቡና ባቆምም ለውጥ አልነበረም።

አከራዬ አዴ ዘይነባ ከሰቃ ያመጡትን ደረቅ ቅጠል በዝንጅብል አፍልተው ሰጡኝ።

«ቡና የለበትም አይደል፣ አዴ?»

«ወላሂ፣ አንዲት ፍሬ የለበትም!»

«ስንት ብርጭቆ ልጠጣ? በስንት ሰዓት?»

«ይሄ ልጅ እንቅልፉንም በሜትር ሊለካ ነው! ጠጣና ተኛ።»

እስኪነጋ ተኛሁ። በየምሽቱ እየጠጣሁ ወር ሞላኝ፤ አንድም ልብስ አላበላሸሁም። ላመሰግናቸው ሄጄ የምን ቅጠል እንደሆነ ጠየቅኳቸው።

«የቡና ነዋ! የለበትም ያልኩህ ፍሬውን ነው።»

ማመን ስላቃተኝ አንድ የግብርና ባለሙያ ጠየቅኩ። እንቅልፍ የሚከለክለው ካፌይን ቅጠሉም ውስጥ አለ።