ሽማግሌዎቹን ያስነሣሁበት እሑድ

ይህን ለንስሐ አባቴ እንኳ አልተናገርኩም። ስለ ሐሜቴና ስለ ሻርኩት ጾም ሁሉ ዘክዝኬ እነግራቸውና እዚህ ላይ ስደርስ እዘላለሁ። እሳቸውም "እግዚአብሔር ይፍታሽ" ይሉኛል፤ ያልነገርኳቸውን እንዴት አድርጎ ይፍታኝ? እናንተ አታውቁኝም፣ እኔም ፊታችሁን አላይም። ስለዚህ ለእናንተ ልናገር።

ባለቤቴ ሙሉነህ ሐረር ውስጥ የአንድ ባንክ ቅርንጫፍ ሥራ አስኪያጅ ነበር። እኔ አስተማሪ ነበርኩ። የምንኖረው ጀጎል ውስጥ ከሐጂ ዩሱፍ ጋር በር ለበር ነው። ልጆቼ አያት ብለው የሚያውቁት እሳቸውን ነው፤ ትኩሳት ሲይዛቸው ከእኔ ቀድመው ግንባራቸውን የሚዳስሱት ሐጂ ነበሩ። የሐጂ እህት ራዲያ ከባቢሌ ወዲያ፣ የዝሆኖቹ መጠለያ ጠርዝ ላይ፣ ማሽላ እየዘራች ትኖር ነበር።

አንድ ድርጅት መጠለያው ውስጥ ነዳጅ ሊቆፍር ተነሣ። ዝሆኖቹ ተረብሸው በገበሬው ማሳ ላይ ይወርዳሉ ተብሎ ተፈራ። የመቆፈሪያውን መኪናዎች የሚገዛው ከሙሉነህ ቅርንጫፍ በሚወስደው ብድር ነው። ፈቃድ በእጁ አለ፣ ማን ይሟገተዋል? የሐረር ሰው ግን ብልህ ነው፤ ከቆፋሪው ጋር ከመጨቃጨቅ አበዳሪውን መያዝ ይሻላል አለ። የእኛ እድርና የሐረሪዎቹ አፎቻ፣ ያው እድር ማለት ነው፣ ገንዘባቸውን የሚያስቀምጡት እዚያው ባንክ ነበር። ብድሩ ካልቀረ ገንዘባችንን እናወጣለን ተባባሉ። ከዚያ በፊት ግን እንደ ወጉ ሽማግሌ ይላክ ተባለ።

እሑድ ከሰዓት በኋላ መጡ፤ ሐጂ ዩሱፍ፣ የእድራችን ዳኛና አንድ የባቢሌ ገበሬ። ሙሉነህ ለስብሰባ ድሬዳዋ ወርዶ ነበር። "እንጠብቀዋለን" አሉ። ዳቦ፣ ሙዝና ሻይ አቀረብኩ፤ ማንም አልነካም። ሽማግሌ የመጣበት ጉዳይ እሺ ሳይባል እህል አይቀምስም፤ ይህ ለእኔ አዲስ አልነበረም። ሐጂ ደግሞ ስኳር አለባቸው። ጊዜው ሲገፋ እጃቸው መንቀጥቀጥ፣ ግንባራቸውም ማላብ ጀመረ።

"ሐጂ፣ በሞቴ፣ ትንሽ ይቅመሱ" አልኳቸው።

"እንዴት ልጄ? ሳይሆንልን በልቼ ራዲያን ምን እላታለሁ? ወላሂ አይሆንም።"

ጓዳ ገባሁ። ለሙሉነህ መደወል እችል ነበር፤ አልደወልኩም። ስልኬን ጆሮዬ ላይ ለጥፌ፣ ሳሎን ድረስ እንዲሰማ፣ ብቻዬን አወራሁ። ወጣሁና "ሙሉነህ እሺ ብሏል፤ ብድሩ አይሰጥም። ዋናው መሥሪያ ቤት እንዳይሰማበት ግን ነገሩ ከእናንተ አይውጣ" አልኩ።

ዋሸሁ። የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም ይባላል፤ የእኔ ወለምታ እንኳ አልነበረም፣ አስቤበት ነው የዋሸሁት። ሐጂ "አልሐምዱሊላህ" ብለው ሙዙን ከእጄ ተቀብለው በሉ። ከዚያ ተነሥተው እኔንም ልጆቼንም መረቁን። እኔም ጎንበስ ብዬ አሜን አልኩ።

ለሳቸው አዝኜ ነው? ለራሴ ስነግረው የኖርኩት ይህን ነው። አዝኜስ ነበር፤ እንደ አባቴ ነበር የምወዳቸው። ግን ለሚንቀጠቀጥ ሽማግሌ መድኃኒቱ ውሸት ነው እንዴ? እኔ የሥራ አስኪያጅ ሚስት መባል እወድ ነበር። የእድሩ ገንዘብ ከወጣ ሙሉነህ ወንበሩን ያጣል ብዬ ፈራሁ። የሐጂን ሕመም ሰበብ አድርጌ የራሴን ኑሮ አዳንኩ።

ሽማግሌዎቹ ለእድሩም ለአፎቻውም "ጉዳዩ አልቋል፣ አትጠይቁን" ብቻ አሉ። ለሙሉነህ መምጣታቸውን አልነገርኩትም። ከዋናው መሥሪያ ቤት ሲያጣድፉት ፈረመ። ሰው ነገሩን ያወቀው መኪናዎቹ ከተማውን አቋርጠው ወደ ባቢሌ ሲወርዱ ነው። ያኔ ገንዘብ ማውጣት ምን ይሠራል?

ቁፋሮው ሲጀመር ዝሆኖቹ ከጩኸቱ እየሸሹ ወደ ማሳው ገቡ። ራዲያ ማሽላዋን ስትጠብቅ ረገጧት። አልተረፈችም።

ከለቅሶው በኋላ ሐጂ ወደ ቤቴ መጡ። እርግማን ነበር የጠበቅሁት። እጄን ያዙና "አይዞሽ ልጄ፤ ባልሽ አንቺንም ዋሽቶሻል፣ ምን ታደርጊ" አሉኝ። ያን ጊዜ እንኳ መናገር አልነበረብኝም? አለቀስኩ እንጂ አልተናገርኩም። እሳቸው ባሌ አሳፍሮኝ የማለቅስ መስሏቸው፣ እህታቸውን ቀብረው የመጡት አዛውንት፣ እኔን ሲያባብሉ ቆዩ።

እሺ ብሎ ሽማግሌን የከዳ ሰው እዚያ ሰፈር ለምን ተብሎ አይጠየቅም፤ ሰላምታ ይነፈጋል። ሙሉነህ ሲያልፍ ፊታቸውን ያዞሩበት ጀመር። "በብድሩ ነው፤ እውነታቸውን ነው" ይለኛል። እኔም "ይረሱታል" እለዋለሁ።

ዓመታት አልፈው ሐጂ ዐረፉ። ሙሉነህ በቀብራቸው ላይ ከሰው ርቆ ብቻውን ቆመ። ቤት ስንገባ ጫማውን እያወለቀ እንዲህ አለኝ፦ "ያን ብድር ሳልፈርም ብዙ አዘግይቼው ነበር እኮ። ሽማግሌ ይልኩብኛል ብዬ ስጠብቅ ነበር። ቢመጡ ኖሮ 'ከተማው እምቢ ብሏል፣ ገንዘቡን ሊያወጣ ነው' ብዬ ብድሩን ለዋናው መሥሪያ ቤት እመልሰው ነበር። ማንም አልመጣም።"

"እራት ላቅርብ?" አልኩት።

ይቅር በሉኝ አልላችሁም፤ የበደልኩት እናንተን አይደለም። ራዲያና ሐጂ አፈር ውስጥ ናቸው። ሙሉነህ ግን አለ፤ አሁን ማዶ ክፍል ተቀምጦ ዜና ይሰማል፣ በሩም አልተዘጋም። ለእሱ መናገር አቅቶኝ ለእናንተ ተናገርኩ፤ ይህም ሌላ በደል ነው።