የማሟሻ ላሜራዎች፦ ከየካ ሚካኤል እስከ ኪዳነ ምሕረት

ከጠዋቱ 12፡30፣ የካ ሚካኤል

ቅዳሴው ገና በድምፅ ማጉያ እየተሰማ ከቤቴ ወጣሁ። ብርዱ ይቆነጥጣል። በጨርቅ ቦርሳዬ ውስጥ ሽፋኑ በማሽን ዘይት የጠቆረ አንድ ደብተር አለ። ልስጠው ወይስ አልስጠው የሚለውን እስከ ሲግናል ድረስ አስብበታለሁ።

ደብተሩ ከላሜራ ፋብሪካ የወጣ ነው። የዕድሜዬን እኩሌታ እዚያ፣ ጥራት ቁጥጥር ክፍል ውስጥ ጨርሻለሁ። ወፍራም ብረት በሁለት ከባድ ሮለሮች መካከል ገብቶ ሳስቶ ይወጣል፤ ሥራው ይኸው ነው። ድሮ በዚህ ቁልቁለት ስወርድ፣ ከታች የተዘረጋው የቆርቆሮ ጣሪያ ሁሉ በእጄ ያለፈ ይመስለኝ ነበር። አሁን መንገዱ ሰፍቷል፤ ጎረቤቶቼ በረንዳ ላይ ይቀመጡበት የነበረው ቦታ ሣር ተተክሎበታል። የማውቀው ጣሪያ ጥቂት ነው።

ሲግናል ያሉ ወጣቶች፣ ማሽኑ ሳይነሣ ላሜራው ምን ያህል እንደሚሳሳ በኮምፒዩተር አስልቶ የሚያሳይ ሶፍትዌር እየሠሩ ነው፤ ፋብሪካዎችም አብረዋቸው አሉ፤ የእኔ የድሮ ፋብሪካ አንዱ ነው። ኦፕን ሶርስ ይሉታል። አሠራሩ አይደበቅም፤ የፈለገ ወስዶ ይጠቀምበታል፣ ስሕተት ያገኘ ያርመዋል፣ ያዋጣ ሰው ሁሉ ስሙ ይጻፍለታል። ከቤት ያስወጣኝ ይህ የመጨረሻው ነው።

ከዚህ ደብተር የወጣ የልኬት ሠንጠረዥ በመስታወት ተደርጎ በፋብሪካው ግድግዳ ላይ ለዓመታት ተሰቅሎ ነበር። ከሥሩ ያለው ፊርማ የቴክኒክ ክፍል ኃላፊያችን ነው። የሰውየውን ስም እዚህ አልጽፍም፤ እሱም የእኔን አልጻፈም። አንቱታውንም ጡረታ ስወጣ ከመታወቂያዬ ጋር አስረክቤዋለሁ።

1፡15፣ ሚኒባስ ውስጥ

«ማዘር፣ ጋቢና ይግቡ» አለኝ ሹፌሩ። ገባሁ። ጥቂት እንደሄድን ቦርሳዬን አየ።

«እንዲህ ያቀፉት ወርቅ ነው እንዴ?»

«ብረት ነው።»

«ታዲያ ምን ያስፈራዎታል? ብረት ማን ይሰርቃል?»

«አለቃ።»

እስኪያስለው ሳቀ። ከኋላ አንዲት ሴት፣ «እውነታቸውን ነው!» አለች። ለረጅም ጊዜ ከሰማኋቸው ፍርዶች ሁሉ ፈጣኑ ይህ ነበር።

3፡00፣ ሲግናል

ፉል በልቼ፣ በቀለም መሸጫ ሱቅ አጠገብ ባለው ጠባብ ደረጃ ሦስተኛ ፎቅ ወጣሁ። ሥራውን የምትመራው ሕሊና በር ላይ ተቀበለችኝ። የልጅ ልጄ ልትሆን የምትችል ኢንጂነር ናት። ስክሪኑ ላይ ሁለት መስመሮች አሳየችኝ፤ አንዱ ሶፍትዌሩ የገመተው ውፍረት ነው፣ ሌላው ከፋብሪካው የወጣው እውነተኛ ላሜራ።

«ከሰዓት በኋላ ይገጥማሉ፤ ይዩት እትዬ አስካለ። ጠዋት ጠዋት ግን ላሜራው እኛ ካልነው ወፍሮ ይወጣል። ፋብሪካው በዚህ ሳምንት ካላስተካከላችሁት እንወጣለን ብሎናል።»

«ስታሰሉ መነሻችሁ ምንድን ነው?»

«የፋብሪካው የምርት መዝገብ ነዋ። የብዙ ዓመት ነው።»

ሳቄን መያዝ አቃተኝ። መዝገቡን የሞላነው እኛ ነን! ሮለር ሲሞቅ ያብጣል፣ በመካከላቸው ያለው ክፍተት ይጠባል። ጠዋት ግን ብረቱ ቀዝቃዛ ነውና የመጀመሪያዎቹ ላሜራዎች ወፍረው ይወጣሉ። እነዚያን ማሟሻ እንላቸው ነበር። ማሟሻ መዝገብ ላይ አይገባም፤ ከገባ እንደ ብልሽት ተቆጥሮ ፈረቃውን ያስወቅሳል። ወደ ጥግ ይደረግና ማሽኑ ሲሞቅ እንደገና ያልፋል። ማንም እንዲህ አድርጉ አላለንም፤ ማንም ግን አልጻፈውም። መዝገባችንን ብቻ ላየ ሰው ማሽናችን ሲወለድም ትኩስ ነበር።

«ማሟሻው የትም አልተጻፈም ማለት ነው?» አለች ሕሊና።

ደብተሩን አወጣሁ። የየጠዋቱ ማሟሻ፣ ላሜራ በላሜራ፤ ግድግዳው ላይ የተሰቀለው የዚህ አማካይ ብቻ ነበር።

በዚህ መካከል በሩ ተከፈተና የድሮው አለቃዬ ገባ። ለፋብሪካው አማካሪ ሆኗል። ፀጉሩ አልቋል፤ ከረባቱ አለ።

«አስካለ! አሁንም ቂምሽን በቦርሳ ይዘሽ ትዞሪያለሽ?»

«ቦርሳው ጠንካራ ነው።»

«ሠንጠረዡ እኮ በእኔ ፊርማ ነው የወጣው» አለ ለሕሊና።

«እዚህ ፊርማ አንጠይቅም ጋሼ» አለች ሕሊና ረጋ ብላ። «ሁለት ጥያቄ ብቻ ነው የምንሞላው። ማን መዘገበው? ማንስ ለካው?»

የመጀመሪያውን ወዲያው መለስኩ። ለሁለተኛው አፌን ከፈትኩ፤ እኔ ነኝ ልል ነበር። ለዓመታት ለጎረቤቱም፣ ለዘመዱም «የእኔ ልኬት» ስል ኖሬያለሁ።

አለቃዬ ፈገግ አለ። «እሷማ ሁለት ሰዓት ነበር የምትገባው። ማሟሻ አሥራ ሁለት ተኩል ያልቃል።»

በሕይወቱ አንድ ጊዜ እውነት ተናገረ፤ ያም በእኔ ላይ ሆነ።

ማሟሻውን የሚለካው ኦፕሬተሩ ቱፋ ነበር። በማይክሮሜትር ይለካና በጠመኔ የማሽኑ እግር ላይ ይጽፋል። እኔ ስገባ፣ ጠራጊዎቹ ሳይደርሱበት እገለብጣለሁ። ደብተሩን ወደ ቦርሳዬ መለስኩት።

«እደውልልሻለሁ» አልኳት ሕሊናን። አለቃዬን አልተሰናበትኩም።

7፡30፣ ወደ ላይ

ወደ ቱፋ ቤት፣ በሽሮ ሜዳ በኩል ሽቅብ እየወጣን ነው። መኪናው ያቃስታል፣ ሹፌሩ ማርሽ ይቀንሳል። ባሕር ዛፉ ሲጀምር መስኮቱን ከፈትኩ። ይህ ሽታ ፋብሪካችን ውስጥ ነበር፤ የጠዋት ፈረቃ ሠራተኞቹ ከዚህ በእግራቸው ወርደው ሲመጡ በጋቢያቸው ይዘውት ይገባሉ። እነሱ እንደሚያወሩት፣ ቱፋ የቀዘቀዘ መዳፉን የማሽኑ አካል ላይ ያሳርፍና «ገና ናት፣ አልነቃችም» ይላል። ሲሞቅ ደግሞ መዳፉን አንሥቶ፣ «በሉ አሁን ጻፉ!» ይል ነበር። የዚያ ቤት ጩኸት አሁንም ይናፍቀኛል። ሰዎቹን ሁሉ ግን አይደለም።

9፡00፣ ከኪዳነ ምሕረት በታች

ቱፋ ከድንች መደቡ አጠገብ ፀሐይ እየሞቀ ነበር። አርጅቷል። ምራቱ ጫልቱ እንግዳ መምጣቱን በኦሮምኛ፣ በጆሮው ጮኻ ነገረችው። ቅቅል ድንች በሚጥሚጣ አቀረበችልኝና አጠገባችን ተቀመጠች።

«የጽሕፈት ቤቷ ሴት መጣች!» አለ። «ምን ጠፍቶብሽ ነው?»

የመጣሁበትን ነገርኩት። ድንቹን እየላጠ ሰማኝ።

«ያ ሰውዬ ሥራዬን ወሰደብኝ ብለሽ ስታለቅሺ ስንት ጊዜ ሰምቼሻለሁ» አለ። «እኔ ፊት ነበር የምታለቅሺው። አንድም ቀን የአንተስ አላልሽኝም።»

«አልጠየቅኸኝም ጋሽ ቱፋ።»

«አንቺስ እሱን ጠይቀሽዋል?»

ደብተሩን እንዳነብለት ጠየቀኝ፤ አነበብኩለት። አንዳንዱን ቁጥር በጭንቅላቱ ያጸድቃል። የሐምሌን ገጽ ስጀምር እጁን አነሣ።

«ይሄን አትስጪያቸው። ያኔ ጣቴን ተጎድቼ በጨርቅ ታስሮ ነበር፤ ማይክሮሜትሩን መያዝ አልችልም። በግምት ነው የጻፍኩት።»

«እኔኮ ሠንጠረዡ ውስጥ አስገብቼዋለሁ!»

«እሱ ደግሞ ፈርሞበታል» አለና ትከሻው እስኪናጥ ሳቀ። ጫልቱም ሳቀች። ሳልወድ ሳቅሁ።

ሕሊና ጋ ደውዬ ድምፁን ከፍ አደረግሁት። ደብተሩን ነገ ጠዋት እንደማመጣ፣ የሐምሌ ገጽ ግምት መሆኑን ከላዩ ላይ እንድትጽፍበት ነገርኳት።

«እሺ እትዬ። የመዘገበው በሚለው የእርስዎ ስም ገብቷል። የለካውስ?»

«ቱፋ» አልኳት።

«የአባት ስም?»

እኛ ቱፋ ኦፕሬተር ነበር የምንለው። በየጠዋቱ ጽሑፉን ከማሽኑ እግር ላይ ስገለብጥ ኖሬ፣ የአባቱን ስም አንድ ቀን ጠይቄው አላውቅም።

ቱፋ እያየኝ ነበር፤ ገብቶታል። የድንቹን ልጣጭ በእርጋታ መሬት ላይ አስቀመጠ።

«ጠይቂኛ» አለኝ።

«የአባትህ ስም ማነው፣ ጋሽ ቱፋ?»

ወደ ስልኩ ጎንበስ አለ። «ዋቅጅራ!» ብሎ ጮኸ፤ ማሽኑ አጠገቡ እየሠራ ያለ ይመስል።