እንደ ምሰሶው አንሱት

የትነበርሽ አጭር ናት። የአምቡላንሱን የኋላ በር ለመዝጋት መንጠልጠል አለባት። ድምጿን ግን ከየት እንዳመጣችው እንጃ! እኔ ዋሴ፣ የፀዳው፣ የአምባ ጊዮርጊስን አምቡላንስ የምነዳው፣ ጯሂ አላጣሁም፤ የአውቶብስ ረዳት አለ፣ የከብት ደላላ አለ፣ ሚስቴም አለች። እንደ የትነበርሽ ጮሆ ሰውን በቆመበት የሚያደርቅ ግን አላየሁም። የምትጮኸውም አንድ ነገር ነው፤ «አትንኩት!»

የኛ ሰው ደግሞ መንካት ይወዳል። አንድ ሰው ከማኪና ይውደቅ፣ በሬ ይውጋው፣ ያየው ሁሉ ሮጦ ይመጣና አንዱ ክንዱን፣ አንዱ እግሩን ይዞ አፈፍ ነው። አንዱ ውሃ ያጠጣዋል፣ ሌላው ቀና አድርጎ ያስቀምጠዋል። ከደግነት ነው፣ እግዜር ያያል። ግን አከርካሪው የተጎዳ ሰው እንዲያ በደግነት ከተነሳ ዕድሜ ልኩን ተኝቶ ሊቀር ይችላል። እሷ የወገራ ገበሬ ልጅ ስለሆነች ይህን ከመጽሐፍ በፊት በዓይኗ አይታዋለች። ጎንደር የድንገተኛ ሕክምና ተምራ ስትጨርስ ሆስፒታል ውስጥ ሸጋ ሥራ አግኝታ ነበር። «ሰው የሚሞተው እዚህ እስኪደርስ ነው» ብላ ትታው ወደኛ መጣች። እብድ ናት ያሏት ነበሩ።

ሌላ የምትታወቅበት መቀሷ ነው። ቁስለኛ ስታገኝ ልብሱን ቀዳ ትጥላለች፤ ደሙ ከየት እንደሚመጣ ካላየሁ ምኑን ልዝጋ ባይ ናት። አንድ ጊዜ የአንዱን ጎረምሳ የጥምቀት ሱሪ ከላይ እስከ ታች ሸረከተችው። እናቱ ኋላ መጥታ፣ «ልጄን አትርፈሽልኛል፣ ዕድሜ ይስጥሽ። ሱሪውን ግን ምነው?» አለቻት። እስከ ዛሬ እስቃለሁ።

ታሪኩ የሚባለውን ሰው ነገር ላውራ። ክረምቱ እንደወጣ ነው። ታሪኩ ከአምባ ጊዮርጊስ ወዲያ፣ ቁልቁለቱ ሥር፣ ለራሱና ለሚስቱ ለአምሳል የቆርቆሮ ቤት ያሠራ ነበር። ጎረቤት በደቦ ወጥቶለታል። ጣሪያ ላይ ሆኖ ሚስማር ሲመታ አዳለጠውና ወረደ። «ድረሱልን!» ብለው ደወሉ።

የማኪናው መንገድ አፋፉ ላይ ያልቃል። ከዚያ ወዲያ በእግር ነው። የትነበርሽ ቦርሳዋን አንግታ እንደ ፍየል ቁልቁል ወረደች፤ እኔ ቃሬዛውን ተሸክሜ እያለከለክሁ ተከተልኳት። ወይ ጉልበቴ!

ስንደርስ ለቅሶው ተጀምሯል። አምሳል ደረቷን ትደቃለች። ታሪኩ መሬት ላይ ወድቋል፣ ግራ ጭኑ ተሰብሮ አጥንቱ ቆዳውን ቀዶ ወጥቷል፣ ደሙ ይወርዳል። ሁለት ጎረምሶች ብብቱን ይዘው ሊያስቀምጡት ነው። እግሩ ሥር ደግሞ አያ ሙሉሰው ተንበርክከዋል። አያ ሙሉሰው የአገሩ ወጌሻ ናቸው፤ ስንቱን የወለቀ ክንድ መልሰዋል፣ ስሙ የተጠራ እጅ ነው ያላቸው። ያን እግር ስበው ሊያቃኑት እጃቸውን ዘርግተዋል።

«አትንኩት!»

ለቅሶው ሳይቀር ቀጥ አለ። አያ ሙሉሰው ቀና ብለው አዩአት። «ምነው? ይህ እጅ ስንቱን አቁሟል፤ አንቺ ማን ነሽ?» አሉ። ጎረምሶቹ ጉርምርም እያሉ ቀረብ ቀረብ አሉ። አልዋሽም፣ ፈራሁ። እሳቸውን ማስቀየም አገሩን በሙሉ ማስቀየም ነው።

እሷ ግን ይህን ጊዜ ተንበርክካ መዳፏን ቁስሉ ላይ ተጭናለች። «የትነበርሽ እባላለሁ፣ አያ ሙሉሰው» አለች፣ ድምጿን ዝቅ አድርጋ። «አሁን ከተሳበ የተረፈው የደም ሥር ሊበጠስ ይችላል። ጀርባውም ሳይጎዳ አልቀረም። እጅዎን ግን እፈልገዋለሁ። ጭንቅላቱን በሁለት እጅዎ ይያዙልኝ፤ በቃ እስክል ድረስ ወዲህም ወዲያም እንዳይል። እንዲህ የሚይዝልኝ የማይንቀጠቀጥ እጅ ነው፤ ከእርስዎ ሌላ ማን አለ?»

አያ ሙሉሰው እጃቸውን ከእግሩ መለሱ። ከዚያ ዞረው ራስጌው ተንበረከኩና ያዙት። ኧረ እንዴት ያለ አያያዝ ነው!

መቀሷ ሥራውን ጀመረ። ከቁስሉ በላይ ማሰሪያ አዙራ ጠምዝዛ ስታጠብቀው ታሪኩ ጮኸ፣ ደሙ ግን ቆመ። ደረቱን ዳሰሰች፣ ሆዱን ዳሰሰች፣ የእግሩን ጣቶች እንዲያንቀሳቅስ አዘዘችው። ተንቀሳቀሱ። «ሸጋ!» አለች። ወገቡን ግን ክፉኛ አሞታል። ውሃ ይዞ የመጣውን ገላምጣ መለሰችው፤ ለኦፕራሲዮን የሚሄድ ሰው ሆዱ ባዶ ይሁን አለች። ከዚያ ወደ አምሳል ዞረች። «እህቴ፣ አልሞተም፤ ለቅሶውን ተይና መቀነትሽን ስጪኝ።» ለቤቱ ከተቆረጠው ማገር ሁለት መርጣ፣ በጋቢ ጠቅልላ፣ የተሰበረውን እግር በመቀነቱ ከማገሩ ጋር አሰረችው። አምሳል ቋጠሮውን ያዘችላት።

የቀረው ማንሳቱ ነው። ጉዱ የመጣው እዚያ ላይ ነው። «ሁላችሁም እኩል፣ ሳይጣመም» ብትላቸው አንዱ በችኮላ ትከሻውን ቀድሞ ብድግ አደረገው። ታሪኩ አቃሰተ። «ተው! ተው!» ብላ አስቆመቻቸው። ፊቷ ቀላ። ምን ብዬ ላስረዳቸው ብላ ዙሪያዋን ስታይ ዓይኗ ያላለቀው ቤት ላይ አረፈ።

«ያንን ምሰሶ ማን አቆመው?»

«እኛው ነና» አሉ።

«እንዴት አነሳችሁት?»

«አያ ሙሉሰው ያዛሉ፣ ሁላችን በአንድ ትንፋሽ እናነሳለን። አንዱ ከቀደመ ዞሮ ሰው ይጨፈልቃላ!»

«በሉ እንግዲህ፤ ታሪኩ ምሰሶ ነው። እንደ ምሰሶው አንሱት።»

እነዚያ ጎረምሶች ወዲያው ሌላ ሰው ሆኑ። አንዱ ትከሻው ዘንድ፣ አንዱ ዳሌው ዘንድ፣ አንዱ ጉልበቱ ዘንድ ቦታ ቦታቸውን ያዙ። አያ ሙሉሰው ጭንቅላቱን እንደያዙ አዩአቸውና፣ «እሺ… ሆ በል!» አሉ። ታሪኩ ከመሬት ሲነሳ እንደ ሳንቃ ቀጥ ብሎ ነው። ቃሬዛው ላይ ሲያርፍ ትንፍሽ አላለም። የትነበርሽ አንገቱን ደግፋ፣ ጭንቅላቱን ግራና ቀኝ በተጠቀለለ ነጠላ አስደግፋ፣ ከቃሬዛው ጋር አሰረችው። እኔማ አፌን ከፍቼ ቀረሁ።

ዳገቱን በትከሻ ሳይሆን በእጃቸው ይዘው ጀመሩት። አያ ሙሉሰው ከጎን እየሄዱ ያዛሉ፤ «ድንጋይ አለ፣ ዝቅ! ከፊት ቀስ! ለውጡ!» የደከመው ሳያቆም ለሌላው ያስረክባል። የትነበርሽ የታሪኩን እጅ ይዛ ስለ በሬው፣ ስለ እርሻው ትጠይቀዋለች፤ እሱ ይመልሳል። አጋማሹ ላይ ግን መመለሱን አቆመ። ፊቱ አመድ መሰለ።

«ቁሙ!»

የተሸፈነበትን ጋቢ ገልጣ አየች። ማሰሪያው ላልቶ ደሙ እንደገና ጀምሯል። አምሳል እመብርሃንን ትጣራለች። እኔም በሆዴ አለቀለት ብያለሁ። የትነበርሽ ጥርሷን ነክሳ እንደገና ጠመዘዘችው፣ አሁንም ጠመዘዘችው። ደሙ ቆመ። ትንሽ ቆይቶ ታሪኩ ዓይኑን ገለጠና እንዲህ ያለ ስድብ ሰደባት፣ ልጽፈው አልችልም። አያ ሙሉሰው «ተመስገን! ተሳደበ!» ብለው ጮኹ፤ ተሸካሚዎቹ በሳቅ ፈነዱ። ቀሪው ዳገት እንዴት እንዳለቀ አላውቅም።

እኔም ድርሻዬን ነዳሁ። ቸኮልሁ፣ ግን መጠምዘዣው ላይ አልበረርሁም፤ ብበር ኖሮ ከኋላ ሆና ልቤን ታወልቀው ነበር። ቀድማ ደውላ ስለነበር ጎንደር ስንደርስ ሐኪሞቹ በር ላይ ቆመው ጠበቁን። በማግስቱ ቀዶ ጥገና ያደረገለት ሐኪም አከርካሪው ላይ ስንጥቅ እንደነበረ ነገረን። ቁጭ ብሎ ወይም በጀርባ ታዝሎ ቢመጣ ኖሮ ከወገቡ በታች ላይሠራ ይችል ነበር አለ። የትነበርሽ ይህን ስትሰማ ኮሪደሩ ላይ ግድግዳውን ተደግፋ ቁጭ አለች። እኔ ደግሞ አለቀስሁ፣ ምን አፍራለሁ!

ፋሲካ አልፎ ከዚያ ቀበሌ ሌላ ሕመምተኛ ልናነሳ ሄድን። አፋፉ ላይ ቆመን ስንጠብቅ ከታች ሰው ሲወጣ አየን፤ በምርኩዝ፣ ቀስ እያለ፣ ቆም እያለ። አምሳል ከጎኑ ናት፣ አልያዘችውም። እነዚያ የተሸከሙት ጎረምሶች ከኋላ ይከተላሉ፤ ሊደግፈው ጠጋ ያለ ግን የለም። ታሪኩ ነው! ያን ዳገት በራሱ እግር ጨረሰው።

የትነበርሽ ፊት ሲደርስ ምርኩዙን ጣለና እግሯን ሊስም ወደ መሬት ጎንበስ አለ።

«ማን ተንበርከክ አለህ!» ብላ ጮኸችበት፣ ተራራው እስኪያስተጋባ። «ለዚህ ነው ያን ሁሉ የደከምነው? ቁም! ቁምልኝ!»

ታሪኩ ቀና አለ። ያለ ምርኩዝ ቆመላት።