ውሌና ስድስት መቶው ክር

አንድ ተራ ቀን ውሌን ሁለት አውቶቡስ፣ ሰማንያ ስድስት ደረጃ፣ የልጇን የጠዋት ለቅሶና የምሳ ሰዓቷን ግማሽ ያስከፍላታል። ያ ሐሙስ ግን የገዛ እጇን ሥራ ሊያስከፍላት ነበር።

“ውሌ” ያሏት ልብስ ሰፊዋ እናቷ ናቸው። በልጅነቷ የተወሳሰበ ክር ሲሰጧት ሳትበጥስ ውሉን ፈልጋ ታወጣው ነበር። አሁን የክሊኒክ ኮምፒውተር ባለሙያ ናት። የሕመምተኞችን ተራ የሚይዘውን ፕሮግራም የጻፈችው ከዓመታት በፊት፣ በእናቷ የመቁረጫ ጠረጴዛ ላይ፣ ከመቀሱና ከጠመኔው አጠገብ፣ የስፌት መኪናው እየተንኳኳ ነው።

ሰሞኑን ይኸው ፕሮግራም በየቀኑ አራት ሰዓት ላይ ቀጥ ይላል። ነፍሰ ጡሯም ሽማግሌውም መስኮቱ ፊት ቆመው ይቀራሉ።

“ውሌ፣ የስንት ዓመት ውል ነበር የፈረምሽው?” አሏት የክሊኒኩ ኃላፊ በሩን ተደግፈው። “ነገም ከቆመ ጥለነው ሌላ እናስገባለን።”

“ጋሼ፣ በስሜ መቀለዱን ይተዉና የዛሬን ይስጡኝ።”

“አጥፍቶ ማብራቱስ?”

“እሱማ ጣሪያው እያፈሰሰ ባልዲ መቀየር ነው።”

ኮምፒውተር ውስጥ አንዱን ሥራ ይዞ የሚሄደው መስመር “ክር” ይባላል። ለእሷ ፕሮግራም ሃያ ክር ይበቃዋል። አስነስታው ስትቆጥር በአንድ ሰዓት ውስጥ ስድስት መቶ ደረሰ! አንዱ ክር መልስ ሲጠብቅ ተገትሮ ከቀረ፣ ሌላው ሥራ እንዳይስተጓጎል ፕሮግራሙ የተጻፈበት ቋንቋ ራሱ አዲስ ክር ይጠራል። እሱም ከተገተረ ሌላ። በመጨረሻ ማሽኑ መሸከም ያቅተዋል።

ክሮቹን በቁጥር ልትገድባቸው እጇን ስትዘረጋ የእናቷ ድምፅ መጣባት፦ “አትቁረጪ፣ ውሉን ፈልጊ።”

እያንዳንዱ ክር የት እንደቆመ የሚያሳይ ዝርዝር አወጣች። ሁሉም ማለት ይቻላል አንድ ደጃፍ ላይ ተኮልኩለዋል፦ መዝገብ ቤት ያለው አሮጌ ፕሪንተር ዘንድ። ተራ በስልክ መላክ ከጀመረ ወዲህ ወረቀት የሚጨምርለት የለም። ፕሮግራሙ ግን የየሕመምተኛውን ቅጂ ይልክለታል፤ ወረቀት እስኪገባም ይጠብቃል። ምን ያህል ጠብቆ ይተወው? ውሌ ይህን አልጻፈችም።

እንዴት ትጻፈው! ያኔ እናቷ ቤት በነበረው ፕሪንተር ስትሞክረው ወረቀት አልቆ አያውቅም። ሊያልቅ ሲል እናቷ ከስፌታቸው ብድግ ብለው፣ “ይብላ እንጂ! ያንቺው መኪና ከኔው የባሰ ሆዳም ነው” እያሉ ይሞሉለት ነበር። እሳቸው ካረፉ ሦስት ዓመት ሆነ። ውሌ ስክሪኑ ፊት ሳቅ አለች፤ ዓይኗም እንባ ሞላ።

ኅትመቱን ሁሉ ለአንድ ክር አስረከበችው፤ ከአሥር ሰከንድ በላይ እንዳይጠብቅም ወሰነችለት። በማግስቱ አራት ሰዓት አለፈ፣ አምስትም። ክሩ አሥራ ሰባት ብቻ ነበር።

“ውልሽ ታድሷል” አሏት ኃላፊው።

ውሌ እናንተን አንድ ነገር ትለምናለች፦ ሳትጠሩት ተነስቶ ወረቀት የሚሞላላችሁ ሰው ካለ፣ እባካችሁ ዛሬውኑ ቀና ብላችሁ እዩት።