ከአንድ በርሜል የማይጠጡ ወንድማማቾች

ስለ ቢራ የሚጠይቀኝ ሰው ካገኘሁ አፌ አይዘጋም። ባለቤቴ ለሥራ ወደ አርባ ምንጭ ተዛውራ ላይኛው ሰፈር ሴቻ ቢሮ ስትገባ፣ እኔ ታችኛው ሰፈር ሲቀላ ወርጄ አንድ ግሮሰሪ ውስጥ አስተናጋጅ ሆንኩ። ከዚያ ጀምሮ ውሎዬ ጥያቄ መመለስ ነው። ድራፍት ይሻላል ጠርሙስ? ጥቁር ቢራ ደም ይሆናል የሚባለው እውነት ነው? በማግስቱ ራስ የማያሳምመው የቱ ነው? ለዚህ የመጨረሻው መልሴ ሁሌም አንድ ነው፤ ያልጠጣኸው። የጎረቤት ጴንጤ ወጣቶች ደግሞ ማልት ኃጢአት ይሆን እንዴ ብለው እኔን ይጠይቁኛል። እሱን ለፓስተራችሁ እላቸዋለሁ።

እንግዶች የሚያስጨንቃቸው የት እንደሚጠጣ ነው። ሁለቱን ሐይቆች እያያችሁ መጠጣት ካማራችሁ ሴቻ ውጡ፤ ሐይቁን ስታዩ ግን ቢራው ይሞቅባችኋል። ቀዝቃዛ ቢራና ትኩስ የጫሞ አሳ ከፈለጋችሁ እዚሁ ቁጭ በሉ። እንዲህ ስል ለእንጀራዬ ማዳላቴን አልክድም።

አሠሪዬ ግን እንደኔ አትመልስም። ትውልዷ ዶርዜ ነው፤ ደንበኞቿ ሁሉ እትዬ ይሏታል። የትኛውን ልጠጣ የሚላትን ሰው መጀመሪያ የምትጠይቀው ከማን ጋር እንደሚጠጣ ነው። ከአማቱ ጋር ለተቀመጠ አንድ ጠርሙስ፣ ከአብሮ አደጉ ጋር ለመጣ ትልቁን ጃምቦ፣ ብቻውን ለተከዘ ከሁሉ በፊት አሳ ጥብስ ታዝለታለች። መጀመሪያ ሰሞን ይህ ነገር ማምለጫ እንጂ መልስ አልመሰለኝም ነበር። አሁን ግን በዚህ ከተማ ከእሷ የተሻለ መልስ የሚሰጥ ሰው አላውቅም።

ይህን ያስተማሩኝ ሁለት ወንድማማቾች ናቸው። ታላቁ ደጋው ላይ ዶርዜ የሚኖር ሸማኔ ነው፤ ጋቢ ሊሸጥ ሲወርድ በቀትር ብቅ ይላል። ታናሹ ጫሞ ዳር አሳ እየገዛ በፒካፕ ወደ ከተማ የሚያመጣ ነጋዴ ነው፤ እሱ የሚመጣው ወደ ማታ ነው። በአባታቸው የእንሰት ማሳ ድንበር ተጣልተው ቃል አይለዋወጡም። ሆኖም ግሮሰሪውን ለሌላው መልቀቅ ሽንፈት መስሎ ስለታያቸው ሰዓት ተከፋፍለው ይጠጡ ነበር። ታናሹ ድራፍት ይወዳል። ታላቁ ጠርሙስ ካልሆነ አይነካም፤ እሱንም በብርጭቆ ሳይሆን ከጠርሙሱ አፍ።

ድራፍቱ ትናንት ማታ የተከፈተ ነው፣ አረፋውን ብታየው ብዬ ታላቁን ብለምነው እምቢ አለኝ። ሰው ስለ በርሜል የሚጠይቀው መቼ እንደተከፈተ ነው፤ እሱ የሚጠይቀው ማን እንደጠጣበት ነው። ይሄ ሰውዬ ቢራ አያውቅም ብዬ ተውኩት። ኋላ እትዬ አስረዳችኝ። በጋሞ ደጋ የተጣሉ ሰዎች ሳይታረቁ ከአንድ ዕቃ አይጠጡም፤ ጎሜ ነው፣ ክልክሉን የጣሰ ሰው መዓቱ በልጁ ወይም በከብቱ ይመጣበታል። ታላቁ ወንድም ድራፍትንም በዚሁ ሕግ ነበር የሚያየው፤ በርሜሉ ለእሱ ትልቅ እንስራ ነው። እኔ ሳቅኩ። እሷ ግን አልሳቀችም። አባትየው ታሞ ተኝቷል፣ ልጆቼ ከአንድ ቅል ሲጠጡ ሳላይ ልሞት ነው እያለ ያለቅሳል አለችኝ። ሽማግሌ ተልኮ ነበር፤ ታላቁ፣ ታናሼ ቀድሞ ካልለመነኝ ብሎ መለሳቸው።

አንድ ቀን ጠርሙስ የሚያመጣልን መኪና ቀረ። ሙቀቱ አይጣል ነው። ታላቁ ላብ በላብ ሆኖ ገባ፤ ያለን ድራፍት ብቻ መሆኑን ስነግረው በርሜሉን ትንሽ አየው።

«እትዬ፣ ከዚህ እሱ ጠጥቶበታል?»

እኔ ከጀርባው ሆኜ፣ አዲስ ነው በይው ብዬ በዓይኔ ለመንኳት። ይጠጣል፣ ከጠጣ በኋላ ነገሩ እየቀለለው ይሄዳል ብዬ ነበር።

«ትናንት ጠጥቶበታል» አለችው። «አባታችሁን ሊጠይቅ ዶርዜ ወጥቶ ነበር። አንተ ውስጥ እንዳለህ ሲሰማ ከደጅ ተመለሰ። ሲነግረኝ እያለቀሰ ነበር።»

ሰውዬው ውሃ እንኳ ሳይቀምስ ወጣ። ደንበኛ አባረርሽ አልኳት። ዋሽቼ ባጠጣው በኋላ የሚታረቁት በምን ላይ ነው አለችኝና ብርጭቆዋን ማጠቧን ቀጠለች። ነገርን ከሥሩ ውሃን ከጥሩ ይባላል፤ እኔ ተረቱን አውቀዋለሁ፣ እሷ ትኖርበታለች።

ያን ዕለት ማምሻውን ታናሹ ጃምቦውን ይዞ እንደተቀመጠ ታላቁ በሩ ላይ ቆመ። በሁለት እጁ እርጥብ ሳር ይዟል። በጋሞ ሳር ይዞ ለእርቅ የቆመን ሰው አልፎ መሄድ ነውር ነው። ይህን ሳር የሚይዙት ሽማግሌዎች ናቸው፤ ታላቅ ለታናሹ ይዞ ሲመጣ ግን አይቼ አላውቅም። አንዱ ሙዚቃውን አጠፋው። ታናሹ ከወንበሩ ወርዶ ተንበረከከ፤ ታላቁም ተነስ አላለውም፣ አጠገቡ ወርዶ አብሮት ተንበረከከ። እንባዬ መጣ፤ አላፈርኩበትም።

እኔ የማውቀው ሥራ አንድ ነውና ወዲያው ሁለት ጃምቦ ቀዳሁ። እትዬ ከእጄ ተቀብላ ሁለቱንም ማጠቢያው ላይ ደፋቻቸው። በቢራ የምትኖር ሴት ናት ቢራ የደፋችው። ወንድማማቾቹ ቀና ብለው አዩዋት።

«እኔ ቤት አትጠጡም» አለቻቸው። «አባታችሁ ጋ ሂዱ። መጀመሪያ እዚያ ነው የሚጠጣው።»

በአሳው ፒካፕ ወዲያው ወጡ። ደጋ ሲደርሱ የሰፈሩ ሽማግሌዎች ተጠርተው እርቁን ፈጸሙ፤ ከዚያ ሁለቱ ጉንጭ ለጉንጭ ገጥመው የገብስ ጠላ ሲጠጡ አባትየው ቅሉን በራሱ እጅ ይዞላቸው ነበር አሉ። ብዙም ሳይቆይ ዐረፈ። እኔና እትዬ ግሮሰሪውን ዘግተን ለቀብሩ ወጣን፤ ቃሬዛውን ከፊት በኩል የያዙት ሁለቱ ልጆቹ ነበሩ።