የጋሽ ይማም ዝናብ እና የእኔ ስምንት

ይህ የደረሰብኝ ሲልቨር ስፕሪንግ ውስጥ ነው፤ ከአሥር ዓመት በላይ ሆኖታል። እኔ የመኪናዬን ቁልፍ ያስቀመጥኩበትን እንኳ የምረሳ ሰው ነኝ። ያቺን ከሰዓት በኋላ ግን አልረሳትም። እንደዚያ ቀን መግቢያ ቀዳዳ ያጣሁበት ጊዜ የለም።

ከዚያ ብዙም በማትርቀው አሌክሳንድሪያ እየኖርኩ፣ በሜትሮ ባቡር እየተመላለስኩ አንድ የምርምር ተቋም ውስጥ ፓርት ታይም እሠራ ነበር። ተቋሙ አገር ቤት ካለ ሌላ ተቋም ጋር ሆኖ የአየር ንብረት ለውጥ የወሎን ገበሬ ምን እንዳደረገው፣ መቼ ቢዘራ እንደሚሻለው ያጠናል። የእኔ ሥራ በአማርኛ በእጅ የተጻፉ የዝናብ መዝገቦችን ኮምፒውተር ላይ ማስገባት ነው። ቀኑን ወደ ፈረንጅ አቆጣጠር የምቀይረውም እኔው ነኝ።

መዝገቦቹን የጻፉት ጋሽ ይማም የሚባሉ፣ ዕድሜያቸውን ሙሉ ዝናብ ሲለኩ የኖሩ ሽማግሌ ናቸው። ተቋማቱ ለዓመታዊ ስብሰባቸው ጋበዟቸው። ገና ሲያገኙኝ "ልጄ፣ ያንን ጽሑፌን የምታነቢው አንቺ ነሽ? ዓይንሽን አጠፋሁት!" ብለው ሳቁ። ወዲያው ወደድኳቸው።

ከምሳ በኋላ ፕሮጀክቱን የምትመራው ዶክተር ሁለታችንን መስኮት ወደሌላት ክፍል ጠራችን። ከአገር ቤት አብረዋቸው የመጡት ተመራማሪ ሌላ ስብሰባ ላይ ስለነበሩ አስተርጓሚዋ እኔ ሆንኩ። ዶክተሯ ኮምፒውተሯ ላይ ሁለት የግራፍ መስመር አሳየችን። አንዱ ሳተላይት ያየው ዝናብ ነው፤ ሌላው የጋሽ ይማም። ከጃንዋሪ እስከ ኦገስት ይስማማሉ፤ ከሴፕቴምበር እስከ ዲሴምበር ግን በየዓመቱ አይገናኙም።

"ሳይለኩ ከቤታቸው ሆነው የጻፉት ይመስለናል" አለችኝ። "መዝገባቸውን ከጥናቱ እናወጣዋለን፤ ለመሥሪያ ቤታቸውም እንጽፋለን። ንገሪያቸው።"

መስመሩን ሳየው ክው ብዬ ቀረሁ። ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ መገባደጃ ዓመቱ ላይ የሚደመረው ሰባት ነው። እኔ ጉደኛዋ ዓመቱን ሙሉ ስምንት ስደምር ከርሜያለሁ! የመስከረሙን ዝናብ ሁሉ አንድ ዓመት ወደ ፊት ገፍቼዋለሁ።

ብናገር ፋየር ያደርጉኛል። ዝም ብል ሽማግሌውን በገዛ አፌ ውሸታም ልላቸው ነው።

"ምን አለች ልጄ?"

"ጤናዎ እንዴት ነው፣ ምግቡ ተስማማዎት ወይ ትላለች" አልኳቸው። እግዚኦ!

"አልሐምዱሊላህ፣ ተስማምቶኛል። አላህ ይስጥልኝ በይልኝ" አሉ፣ እጃቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው።

ዶክተሯ "እና ስለ መዝገቡ ምን አሉ?" አለች። "እያሰቡ ነው" አልኳት። አሁን ሁለቱም እኔን ነው የሚያዩት። ብድግ ብዬ እንዳልወጣ በሩ ከዶክተሯ ጀርባ ነው።

ጋሽ ይማም ግን ሞኝ አይደሉም። "ልጄ፣ ሰው ስለ ምግብ ሲጠይቅ ፊቱ እንዲህ አይጠቁርም። እንዳለችው ንገሪኝ።"

ነገርኳቸው። "ባለቤቴን የቀበርኩ ዕለት እንኳ ለክቼ ነው ወደ ቀብሩ የሄድኩት" አሉ።

ይህንን መተርጎም አቃተኝ። "ስህተቱ የእኔ ነው፤ ዓመቱን አበላሽቼ የቀየርኩት እኔ ነኝ" አልኩ በእንግሊዝኛ፣ ከዚያ በአማርኛ፣ እያለቀስኩ። ዶክተሯ አልጮኸችም። ኮምፒውተሩን ወደ እኔ ገፋ አድርጋ "አስተካክዪው" አለች። ሳስተካክለው ሁለቱ መስመሮች ገጠሙ። ተነስታ በሁለት እጇ ጨበጠቻቸውና ይቅርታ ጠየቀች። ተረጎምኩ።

እሳቸው ዓይናቸውን ከእኔ አልነቀሉም። "ይቅርታው የእሷ ነው የአንቺ?"

"የእኔም ነው ጋሼ።"

"እንግዲያው የአንቺን ለብቻው በዪው" አሉኝ። አልኩት። ራሴን ዳበስ አደረጉኝ፤ ግን አልሳቁም።

ከሥራ አልተባረርኩም፤ መዝገቡን ከመጀመሪያው ገጽ ጀምሬ እንድፈትሽ ተደረግኩ እንጂ። ስለ ስምንቷ ራሴን ይቅር ብያለሁ፤ ሰው ይሳሳታል። ያ "አልሐምዱሊላህ" ግን እስከ ዛሬ ያሳፍረኛል። ሽማግሌው ሲሰደቡ እንዲያመሰግኑ ያደረግኳቸው እኔ ነኝ።