ወደቡ አፍ ላይ ግራ ገባን

ሥራ የጀመርሁ ዕለት አለቃዬ ኢንጂነር ትርንጎ ጎንደር፣ ማራኪ ሰፈር ካለው ቢሯችን በር ላይ ተቀበለችኝና፣ ገና ቦርሳዬን ሳላስቀምጥ «ባሕር አይተህ ታውቃለህ?» አለችኝ።

«በካርታ» አልኋት።

«ዋናስ ትችላለህ?»

«አንገረብ ወንዝ፣ እስከ ጉልበቴ።»

ሳቀች። «ይበቃል፤ ከዛሬ ጀምሮ መርከብ ጠጋኝ ነህ።»

እስከዚያች ቀን የሆስፒታል ማሽን ስጠግን የኖርሁ ሰው ነኝ። ጎንደር ላይ ቁጭ ብዬ መርከብ! ማታ ለባለቤቴ ስነግራት «በል እንግዲህ፣ እንዳትሰጥም» ብላ ሳቀችብኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከእኛ የአንድ ቀን መንገድ ርቆ፣ ሐይቅ ዳር፣ የመርከበኞች ማሰልጠኛ አለ። እዚያ አንድ ክፍል ውስጥ የመርከብ መሪ፣ የሞተር ማዘዣ እጀታዎችና ግድግዳ የሚያህሉ ስክሪኖች ተተክለዋል። ሰልጣኙ መሪውን ሲያዞር ስክሪኑ ላይ ባሕሩ ይዞራል። ሲሙሌተር ይሉታል። እኛ ዘንድ ደግሞ የዚያ ክፍል ዲጂታል መንትያ አለ፤ ኮምፒዩተር ውስጥ የተሠራ አምሳያው ማለት ነው። እዚያ በየዕቃው ላይ የተገጠሙት ሴንሰሮች የሚለኩትን ሁሉ በኢንተርኔት ይልኩለታል። እዚያ ሲያስነጥሰው እኛ እዚህ ይማርህ እንላለን።

ወሬው የማራኪ ወያሎች ዘንድ እንዴት እንደደረሰ እንጃ። ጠዋት ሚኒባስ ስሳፈር «ካፒቴን፣ ጠጋ በል እንጂ፣ መርከቧ አልሞላችም!» ይሉኝ ነበር። እውነቱን ለመናገር ደስ ይለኛል።

ማሰልጠኛው ውስጥ እጃችንም ዓይናችንም ብርቱካን ነበረች። የአይከል ገበሬ ልጅ ናት፤ ኤሌክትሪክ ተምራ እዚያ ቴክኒሺያን ሆናለች። አንድ ቀን መንትያው ላይ የኮምፒዩተሩ ሙቀት ሲጨምር አየሁና ደወልሁላት። «ማራገቢያው አቧራ ይዞታል፤ ክፈቺና ጥረጊው።»

ከፈተችው፤ እውነትም አቧራ ነው። «አያ ካሱ፣ እኔንም ያዩኛል እንዴ?» አለችኝ።

«ጫማሽን ሳይቀር!»

ከዚያ በኋላ ሲሙሌተሩ ክፍል ስትገባ ጫማዋን እየወለወለች እንደምትገባ ጓደኞቿ ነገሩኝ።

አንድ ቀን ከሰዓት የሆነው ግን ቀልድ አልነበረም። በማግስቱ ጠዋት ከውጭ የሚመጣ ፈታኝ ነበር፤ ፈትኖ ያንኑ ቀን ይመለሳል። ከተፈታኞቹ አንዱ ደሳለኝ የሚባል የዛሪማ ልጅ ነው። መርከብ ላይ ሥራ ተገኝቶለታል፤ ይህን ፈተና ካላለፈ ግን ቦታው ለሌላ ይሰጣል። ፈተናው መርከቧን ወደቡ አፍ ላይ በተተከሉት ሁለት ምልክቶች መካከል አሳልፎ ማስገባት ነው።

ብርቱካን ደወለች። «አያ ካሱ፣ ወደቡ አፍ ላይ ስንደርስ ግራ ገባን!»

የፈተና ድንጋጤ መሰለኝ። «አይዞሽ» አልኋት፣ «ወደብ መጀመሪያ ሲያዩት ማንንም ግራ ያጋባል።»

«ደግመን ሞከርን፤ አሁንም ግራ ገባን!»

«እንግዲያው መምህሩ ቀስ ብሎ ያስረዳችሁ።»

«መምህሩ ራሱ መሪውን ይዞልን እንኳ ግራ ገባን!»

አቤት ጉድ! መምህሩም ግራ ከገባው ነገ ማን ሊያልፍ ነው? መንትያውን ከፍቼ ተመለከትሁ። ሁሉም አረንጓዴ ነው፤ ደኅና ነው ማለት ነው። መሪው ብቻ ትንሽ ወደ ግራ ዘንበል ብሏል፤ ያም ቢሆን ሰው ይዞት ይሆናል ብዬ አለፍሁት። «ብርቱካን፣ ዕቃው ደኅና ነው። ግራ ያጋባችሁ ምኑ እንደሆነ ለይተሽ ንገሪኝ።»

ጮኸች። «ምነው አያ ካሱ! እኛን ምንም አላጋባንም! መርከቧ ናት በምልክቶቹ ግራ የምትገባው! ቀጥ አድርገን ይዘናት ወደ ግራ ትሄዳለች!»

ከወዲያ በኩል ደሳለኝ በሳቅ ፈነዳ። እኔም እንባዬ እስኪመጣ ሳቅሁ። ትርንጎ ምን ሆናችሁ ብላ ከክፍሏ ወጣች። ሳቁ ሲበርድልኝ «መሪውን አሁን ማን ይዞታል?» ብዬ ጠየቅሁ።

«ማንም። ቀጥ ብሎ ቆሟል።»

እኔ ስክሪን ላይ ዘንበል እንዳለ ነው። አገኘሁት! ሴንሰሩ ከመሪው ዘንግ ጋር የሚያያዘው በትንሽ ቀለበት ነው። ቀለበቱ ላልቶ ተንሸራቷል፤ መሪው ቀና ሆኖ ሳለ ሴንሰሩ ግራ ነው ይላል። መርከቧ ደግሞ የምትታዘዘው ሴንሰሩን ነው።

«ካቻቢቴ ያዢና የመሪውን ሥር ክዳን ክፈቺ። ደሳለኝ፣ አንተ መሪውን ቀጥ አድርገህ ያዝ፤ እንዳይነቃነቅ።» ብሎኑን አላላች፤ ቀለበቱን በጣቷ ገፋችው። እኔ ስክሪኔ ላይ አፍጥጬ «ወደ ቀኝ… ጥቂት… አይ፣ አሳለፍሽው፣ መልሺው… እሰይ! እሰሪው!» እላለሁ።

እንደገና ወደ ወደቡ ነዱ። ስልኩ ክፍት ነው። «አያ ካሱ፣ መካከሉን ገባን!» አለች። ትርንጎ አጨበጨበች።

«ብሎኑ ነገ ደግሞ ቢላላስ?» አለ ደሳለኝ። ድምፁ ውስጥ ሳቅ አልነበረም። ብርቱካን የጥፍር ቀለሟን ከቦርሳዋ አወጣችና ብሎኑ ራስ ላይ ቀባችው። ሲደርቅ ብሎኑን ቆንጥጦ ይይዘዋል። «ቀዩ ነው፤ ቢንቀሳቀስ ስንጥቁ ይታየኛል» አለችኝ። ሸጋ ልጅ!

በማግስቱ ከቀትር በፊት የደወለልኝ ደሳለኝ ራሱ ነበር። «አያ ካሱ፣ አለፍሁ!» «አለፈ!» እያልሁ ወደ ትርንጎ ክፍል ሮጥሁ።

እንግዲህ ለእናንተ ለአዲሶቹ ሠራተኞች የምላችሁ ይህ ነው። ሴንሰር ሲሳሳት መንትያውም አብሮት ይሳሳታል፤ አረንጓዴም ሆኖ ይሳሳታል። ስልክ ስታነሱ መጀመሪያ ዕቃው አጠገብ የቆመው ሰው ምን እንደሚያይ ጠይቁ፤ የነገራችሁንም ምን ማለቱ እንደሆነ መልሳችሁ ጠይቁት።